በሩ የአርዜላ ነው

አርዜላ ፒትማን ዕድሜዋን የፈጀችው በር ላይ ቆማ ነው። በኮልተን ፌሪ የሄብሮን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የአስተናባሪዎች አለቃ ነበረች፤ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጫማ፣ ነጭ ጓንት፣ ግራ እጅ ወደ ኋላ ታጥፎ ወገብ ላይ። ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ የተወለደ ጥቁር ሁሉ፣ በእናቱ እቅፍ ሆኖም ይሁን በሬሳ ሣጥን፣ በእሷ ፊት ሳያልፍ ወደዚያ ቤት አልገባም። ባለፈው ጸደይ ቀበርናት። ለቀብሩ ከአትላንታ የመጣው ወጣት ሰባኪ "ትሑት፣ ድምፅ አልባ አገልጋይ" ብሎ አወደሳት። ለቅሶ ላይ ጠብ አይነሣምና ዝም አልኩ። አሁን ለቅሶው አልፏል። ዊሎዲን እባላለሁ፤ በግራው መተላለፊያ አብሬያት እያስተናበርኩ ያረጀሁ ሴት ነኝና አርዜላ ምን እንደነበረች ልናገር።

አስተናባሪነት ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው አለ። ሄብሮን ውስጥ መድረኩ የፓስተሩ ነው፣ ጣራውና ግድግዳው የዲያቆናቱ ነው፣ በሩ ግን የአስተናባሪዋ ነው። ጸሎት እየተጸለየ ማንም አይገባም። አርፍዶ የመጣ ሰው አሜን እስኪባል ደጅ ይቆማል። ሲገባም ደስ ያለው ቦታ ሄዶ አይቀመጥም፤ አስተናባሪዋ ከፊት እየመራች የወሰደችው ቦታ ይቀመጣል። አርዜላ ይህን ሕግ ለገዛ ባሏም አላላላችም። ለምዬል አንድ እሑድ በጸሎት ሰዓት ዶፍ እየወረደበት ደረሰ። በበሩ መስታወት አየችውና ጓንት ያጠለቀ መዳፏን ብቻ አነሣችለት፤ ጠብቅ ማለት ነው። ሰውየው የክት ልብሱ ላዩ ላይ እስኪበሰብስ ቆሞ ጠበቀ፤ ሳምንቱን ሙሉም አኮረፋት። እሷ ግን ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም።

በአዘቦት ቀን የምትገባበት በር ሌላ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሃርግሮቭ የልብስ ንጽሕና ቤት በጓሮ ገብታ የነጮቹን ልብስ ትተኩሳለች። የሸሪፍ ዶይል ክረንሾውንም ካኪ ሸሚዞች የምትተኩሰው እሷ ነበረች። ሸሪፉ ሸሚዙ በስታርች ደርቆ ካልተንኳኳ አይለብስም። "ያ ሰውዬ ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው በእኔ ካውያ ነው" ትለኝ ነበር፣ ማታ ማታ እግሯን ነክራ ስትቀመጥ።

እንግዲህ በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ የሐምሌ ሐሩር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ሄብሮን ውስጥ መሰብሰብ ጀመርን። ነገሩ ለምርጫ መመዝገብ ነበር። ከተማው ውስጥ እኛ እንበዛለን፤ በመራጭነት የተመዘገበ ጥቁር ግን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ነበር። አስፋልቱ ሐዲዱ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ቧንቧውም እዚያው ያልቃል። ግብሩ ግን ሐዲዱን ተሻግሮ ያለንበት ድረስ ይመጣል። ይህን ለመነጋገር ነው የተሰበሰብነው፤ ማንንም አልነካንም።

ሸሪፉ መጣ። የመጀመሪያው ጊዜ ሰው ገና እየተሳሳመ፣ ወንበር እየያዘ ሳለ ነው ባርኔጣውን እንዳደረገ ሁለት ምክትሎቹን አስከትሎ የገባው። በመሀል መተላለፊያው ቀስ ብሎ እየሄደ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ላይ የእጅ ባትሪ አበራ። "ሉተር፣ የሚስተር ኮብን ትራክተር የምትነዳው አንተ አይደለህም? ደህና ነህ?" ይላል ፈገግ ብሎ። በማግስቱ ሉተር ትራክተሩ ላይ አልወጣም፤ ተባረረ። በባትሪው ብርሃን ስማቸው የተጠራ ሴቶችም የሚያበስሉበት ቤት በሩን ዘጋባቸው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ወንበሩ ባዶ ነበር። የመጣነውም በየጥጉ ተቀምጠን በር በሩን ነበር የምናየው።

ቅዳሜ ማታ ዲያቆናቱ ስብሰባው ከሄብሮን ይውጣ ወይስ ይቆይ ለማለት ተቀመጡ። አለቃቸው ዲያቆን ቤይለስ ነበሩ። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ግን ጸሎታቸው አያልቅም ነበር። ዲያቆን ቤይለስ ሊጸልዩ ሲነሡ ባቄላ የጣደች ሴት ባቄላዋን በልቧ ትሰናበት ነበር። ከአዳም ተነሥተው ነቢያቱን አንድ በአንድ ሳይጎበኙ አሜን አይሉም። ልጆች "ኖኅ ጋ ስንደርስ ቀስቅሱኝ" እየተባባሉ ይተኙ ነበር።

በዚያን ቀን ግን ነገራቸው አጭር ነበር፤ ስብሰባው ይውጣ አሉ። ከጎረቤት አውራጃ አንድ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ጋይቶ ነበርና አልፈርድባቸውም። ሄብሮንን በገዛ እጃቸው ሚስማር እየመቱ ነው የሠሯት። እኔና አርዜላ ጓሮ ውስጥ ለእሑድ ዓሣ እየጠበስን ነበር፤ በመስኮቱ ሁሉንም እንሰማለን። አርዜላ መጥበሻውን አወረደችና እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሳትጠራ ገባች። እኔም ተከተልኳት፤ ምን ልሠራ ውጭ እቀራለሁ።

"እህት ፒትማን፣ ይሄ የዲያቆናት ጉዳይ ነው" አሏት።

"ስለ በሩ አይደል የምታወሩት?" አለች። "በሩ የማን ነው?"

እሷም ቀጠለች፤ አንድ ማክሰኞ እንዲሰጧት ለመነች፣ ልመና ከተባለ። ሸሪፉ እንደ ባለፈው ገብቶ ሰዉን ከበተነ ለስብሰባ በሩን ራሷ ልትቆልፈው፣ ካልበተነ ግን ማንም እንዳይዘጋው።

"ያንን ሰው በምንሽ ልታቆሚው ነው?" አሉ ዲያቆን ቤይለስ።

"እሱን ለእኔ ይተዉት። እርስዎ እንደ ወትሮው ጸሎቱን ይክፈቱልን፣ ሌላ አልጠይቅዎትም።"

እሑድና ሰኞ ማታ በየቤቱ ዞረች። ሸሪፉ ማክሰኞ ፊታችሁን አያይም ትላቸዋለች። እንዴት ብለው ሲጠይቋት ኑና እዩ እንጂ ሌላ አልነገረቻቸውም። ግማሹ አመናት፣ ግማሹ ለማየት ጓጉቶ መጣ። ለእኔም ቢሆን የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጇን ሳታወርድ እጄን እንዳላወርድ።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ሰዉን ሁሉ ከኋላ ጀምራ እያጠጋጋች አስቀመጠችው። ከመድረኩ ሥር ያለችውን የፊተኛዋን አግዳሚ ብቻ ባዶዋን ተወቻት። ያቺ አግዳሚ የንስሐ ወንበር ናት። ኃጢአቱ ከብዶት የመጣ ሰው እዚያ ይቀመጣል፣ ጉባኤው አንገቱን ደፍቶ ይጸልይለታል፣ ይዘምርለታል፣ እናቶች እጅ ይጭኑበታል። ሌላ ሰው አይቀመጥባትም፤ ቦታ ከጠበበ ቆመን እናድራለን እንጂ።

ዲያቆን ቤይለስ ጸሎት ጀመሩ። አርዜላ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘግታ ደጃፉ ላይ ቆመች። እኔ በግራው መተላለፊያ ከተከፈተው መስኮት አጠገብ ነኝ፤ ደረጃው ከነደጃፉ ይታየኛል። ብዙም ሳይቆይ የሸሪፉ መኪና አቧራውን እያስነሣ መጥቶ ቆመ።

"አርዜላ፣ ዘወር በይ" አላት ደረጃውን እየወጣ።

"ደህና አመሹ ሸሪፍ። ጸሎት ላይ ነን።"

"ዘወር በይ አልኩሽ እኮ።"

"ሰምቻለሁ። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሰው ጸሎት ረግጦ ይገባል?"

ይህን ያለችው አውቃ ነው። ዶይል ክረንሾው በከተማው ትልቁ የነጮች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ እሱም በር ላይ የሚቆም ሰው ነበር፤ ለዚያ የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ የምትተኩሰውም እሷ ናት። አፉን ከፍቶ ሳለ ወጣቱ ምክትል የጸሎቱ ድምፅ ጆሮው ሲገባ ሳያስበው ባርኔጣውን አወለቀ። ሁለተኛው እሱን አይቶ አወለቀ። አርዜላ ወደ ሸሪፉ ራስ ቀና ብላ ተመለከተች። ሰውየው ዞር ብሎ ምክትሎቹን ገላመጠ፣ ከዚያ እሱም አወለቀ። ደግነት እንዳይመስላችሁ። እናቱ በልጅነቱ በኩርኩም ያስገባችበት ነገር ነው፤ እኔ ለእሱ ምስጋና አልሰጥም።

ውስጥ ደግሞ ጉድ ፈልቷል። ዲያቆን ቤይለስ በዚያን ዕለት ፍርሃት ይዟቸው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎት አሳጥረው "በልጅህ በኢየሱስ ስም" ላይ ደርሰው ነበር። የሸሪፉ ድምፅ በመስኮት ገባ። አሜን ካሉ በሩ ይከፈታል። ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ወደ እኔ አዩ። በመስኮቱ የአርዜላ ጓንት እንደተነሣ ነው፤ እኔም መዳፌን አነሣሁ። ገና ነው ማለት ነው፤ ሄብሮን ያደገ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። "ደግሞም ጌታ ሆይ" አሉ፣ "አዳምን ከአፈር ያበጀህ።"

ከኋላ ወንበር አንዱ ሊስቅ ብሎ በሳል አሳበበ። ስንት ዘመን ያማረርንበት ጸሎት በዚያች ቀን የሰማይ መና ሆነልን። ኖኅ ጋ ሲደርሱ እንስሳቱን በየጥንዳቸው ወደ መርከቧ አስገቡ፤ ዝሆኑንም፣ ኤሊውንም፣ ኤሊው ቀስ ብሎ ነው የገባው። ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል፣ ድምፃቸው ግን እየጠነከረ ሄደ። ፍርሃቱ ከላብ ጋር አብሮ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ውጭ ደግሞ ያረፈዱት ሰዎች ከሸሪፉ ኋላ ደረጃው ላይ ተሰለፉ። ሉተር ከነሚስቱ እዚያ ነበረ። ሥራውን ያስጣለውን ሰው ራሱን ገልጦ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ አንዲት ጥቁር ሴት ግባ እስክትለው ሲጠብቅ ቆሞ አየው። ለሉተር ያ ከትራክተሩ ይበልጥበት ነበር፤ ራሱ ነው የነገረኝ።

ዲያቆን ቤይለስ በመጨረሻ "በደጃችን ራሱን ገልጦ የቆመውንም ወንድማችንን አስበው" አሉና አሜን አሉ። የዚያን ቀን አሜን ያላለ ሰው አልነበረም።

አርዜላ በሩን ከፈተች። ግራ እጇን ወደ ኋላ አጥፋ፣ ቀኟን ወደ ፊት ዘርግታ፣ በዚያ ዝግ ባለ የአስተናባሪ እርምጃ ቀደመች። ሸሪፉ ተከተላት። ባፕቲስት ሆኖ ያደገ ሰው አስተናባሪ ስትመራው ይከተላል፣ እግሩ አይጠይቀውም። ሦስቱንም እስከ ፊት ወስዳ የንስሐው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ከተቀመጠ በኋላ ነው የት እንዳለ የገባው። ፊቱ ያለው መድረኩ ነው፤ እኛ ሁላችን ከጀርባው ነን። ባትሪውን ይዞ ዞር ሲል ጉባኤው በሙሉ፣ ለዚያ ወንበር እንደሚደረገው፣ አንገቱን ደፍቷል። የሴቶች ባርኔጣና የወንዶች መላጣ ነው ያየው። ያንን በስም ይጥራ እስቲ።

ከሁላችን የምትበልጠው እናት ቴምፒ ተነሥታ ለኃጢአተኛ የሚዘመረውን መዝሙር አወረደች። ዓይኗ ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ማን እንደተቀመጠ የነገራት አልነበረም። በዳበሳ ሄዳ በስታርች የደረቀው ትከሻ ላይ እጇን ጫነችና "አይዞህ ልጄ፣ አልቅስና ይውጣልህ" አለችው።

ዶይል ክረንሾው ጆሮው ቲማቲም መስሎ ተነሣ። ምክትሎቹ ተከተሉት። በር ላይ አርዜላ ለእንግዳ ሁሉ የምትለውን ለእሱም አለችው፤ ደግመው ይምጡ። መኪናው ሲርቅ ሣቁ መጣ፣ ዕንባም ነበረበት። ስብሰባውን ጨረስን። ዲያቆን ቤይለስ ድምፃቸው ተዘግቶ ስለነበር በሩ ክፍት እንዲሆን የተስማሙት ራሳቸውን ነቅንቀው ነው።

ጠዋት ሃርግሮቭ አርዜላን አባረራት። ሸሪፉ ሸሚዜን እሷ እንዳትነካ ብሏል አላት። ካውያውን አቀዝቅዛ፣ ገመዱን ጠቅልላ በቦታው አስቀምጣ ወጣች። እኔ ጸጉር የምሠራው በገዛ ኩሽናዬ ነው፣ ማንም ነጭ አያባርረኝም፤ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ያ ካውያ ጎጆዋን ያቆመ ካውያ ነው፤ የለምዬል ደመወዝ ብቻውን ኪራይ አይከፍልም። ምንም ሳልጠይቃት ጸጉሯን አጠብኩ፣ ማበጠሪያዬን አግዬ ተኮስኩላት። ስጨርስ ቀና አለች።

"እንግዲህ ሥራ የለኝም፣ ጊዜ አለኝ" አለች። "ሰኞ ፍርድ ቤት ሄደን ለምርጫ እንመዘገባለን።"

ሰኞ በጠራራ ፀሐይ ጥንድ ጥንድ አድርጋ አሰልፋ መራችን፤ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ጓንቷን አድርጋ፣ ያንኑ እርምጃ እየረገጠች። ሱቆቹ በር ላይ ሰው ወጥቶ ያየን ነበር። አንዱ ተፋ፤ አርዜላ ዞር ብላም አላየችው። ሸሪፉ የፍርድ ቤቱ ደረጃ አናት ላይ በሩን ዘግቶ ቆሞ ነበር። የሸሚዙ ኮሌታ ሟሽሿል። ማን እንደተኮሰው እንጃ።

መዳፉን አነሣ። "መዝጋቢው ሥራ ላይ ነው፤ እዚያው ጠብቁ" አለ።

"እንጠብቃለን" አለች አርዜላ። "እርስዎም ጠብቀውናል።"

ቆምን። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። መቼም ማንም ሳይጠይቃቸው ዲያቆን ቤይለስ ከሰልፉ መሀል "እንጸልይ" አሉ። የሸሪፉ እጅ ወደ ባርኔጣው ተነሣ። ግማሽ መንገድ ላይ ደርሶ ሲያውቀው ቆመ፤ ያ እጅ እዚያ አየር ላይ ሲቀር መላው ሰልፍ አየው። ዲያቆን ቤይለስ አዳምን አፈር ሳያስነኩት ሰውየው በሩን በርግዶ ወደ ውስጥ ገባ። ከኋላው አልቆለፈውም።

መዝጋቢው አንድ በአንድ እያለ ማስገባት ጀመረ። አርዜላ በሩን ይዛ ሽማግሌዎቹን አስቀደመች፤ እናት ቴምፒን እጇን ይዛ አሳለፈቻት፣ ከዚያ ዲያቆን ቤይለስን፣ ከዚያ ሉተርን። ውስጥ ለመራጭነት ፈተና አለ፤ ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው የማይመልሱትን ጥያቄ ይጠይቁናል። አንዳንዶቻችን አለፍን፣ ብዙዎቻችንን ጣሉን። እኔ ወድቄ ስወጣ ከውጭ የቀረችው አርዜላ ብቻ ነበረች። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሆነ። መዝጋቢው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጣ።

እኔ ጦፌ ነበር። "ያመጣሽን አንቺ፣ ፊት መግባት የነበረብሽ አንቺ" አልኳት፣ ሰውየው እየሰማ።

"ሰው ሳይቀመጥ የተቀመጠች አስተናባሪ የት አይተሻል?" አለችኝ። ከዚያ ወደ መዝጋቢው ዞረች። "ጠዋት ስንት ሰዓት ይከፍታሉ?"

"ሁለት ሰዓት" አለ ሳያያት።

ጓንቷን አወለቀችና መዳፉን ገልብጣ አየችው። የፍርድ ቤቱ በር እጀታ አጥቁሮታል። "ደህና" አለች፣ "አጥቤው እመጣለሁ።"

ጠዋት እዚያ ነበረች። ጣሏት። እንደገና ሄደች፣ ደግመው ጣሏት። በሦስተኛው ጻፏት፤ የጻፋት ሰው ቀና ብሎ ያያት ያን ቀን ነው። ወደ ሃርግሮቭ አልተመለሰችም። ዲያቆን ቤይለስ በየሁለት ሳምንቱ የበቆሎ ዱቄት በትከሻቸው ተሸክመው ያመጡላት ነበር። በኋላ ለምዬል የሠራላት ጎጆ ውስጥ የራሷን መተኮሻ ከፈተች፤ ደንበኛ በፊት በር ነበር የሚገባው፣ ነጩም ጥቁሩም።

አሁን ወደ ቀብሯ ልመለስ። ያ ወጣት ሰባኪ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳችሁም። ሣጥኗን ተሸክመው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ውስጥ የዲያቆን ቤይለስ የልጅ ልጅ እየጸለየ ነበር፤ ጸሎቱ አያቱን የወጣ ነው። ሰባኪው ከሣጥኑ ፊት ሆኖ ሊገባ ሲል ጓንቴን አነሣሁ።

"እማማ፣ ሬሳ እኮ ነው" አለኝ። "ሬሳ ደጅ ይቆማል?"

"ይቆማል" አልኩት። "ሕጉ የራሷ ነው።"

ተሸካሚዎቹ ሁሉ የሄብሮን ልጆች ናቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። ፀሐዩ ላይ ቆመን ኖኅን፣ እንስሳቱን፣ ነቢያቱን ሁሉ ጠበቅን። አሜን ሲባል ግራ እጄን ወደ ኋላ አጠፍኩና ከፊቷ እየመራሁ አስገባኋት።